ቤካምን ገዝቶ ማኬሌሌን የረሳው ኮምፒውተር

እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ሪያል ማድሪድ ዴቪድ ቤካምን ከማንቸስተር ዩናይትድ ሲያስፈርም የስፖርት ጋዜጦች ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ዚዳን አለ፣ ፊጎ አለ፣ ሮናልዶ አለ፣ ራውል አለ፤ በዚያ ላይ ቤካም ተጨመረ። በዚያው ክረምት መጨረሻ ላይ ግን ክሎድ ማኬሌሌ የሚባል፣ ጎል የማያገባ፣ ፎቶው ፖስተር ላይ የማይወጣ ሰውዬ "ደሞዜ ይስተካከል" ብሎ ሰሚ ሲያጣ ሻንጣውን ሸክፎ ወደ ቼልሲ ሄደ። ማድሪዶች ብዙም አልደነገጡም። ከዚያ በኋላ የሆነውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። በ2003/04 የውድድር ዘመን ቡድኑ የመጨረሻዎቹን አምስት የሊግ ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ። ከቻምፒየንስ ሊጉ በሞናኮ ተሰናበተ። የንጉሡን ዋንጫ ፍጻሜም በዛራጎዛ 3ለ2 ተረታ። የሊጉን ዋንጫ ያነሳው ያን ያህል ኮከብ ያልነበረው ቫሌንሲያ ነው። ማኬሌሌን የወሰደው ቼልሲ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት በ38 ጨዋታ 15 ጎል ብቻ ተቆጥሮበት የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ።

ይህን ያነሳሁት ስለ ማድሪድ ለማውራት አይደለም። በእኛም ቤተሰብ ውስጥ ቤካምን ገዝቶ ማኬሌሌን የረሳ ልጅ ስላለ ነው። የአክስቴ ልጅ ነው። ቡድኑ ደግሞ ኮምፒውተር ነው። የስፖርት ገጽ ስለ ኮምፒውተር ዕቃ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ቅዳሜ ከሰዓት በየሰፈሩ ጌም ቤት በር ላይ ተደራርቦ የሚጮኸውን ወጣት ያየ ሰው ነገሩ የኛም ጉዳይ መሆኑን አያጣውም።

ልጁ 22 ዓመቱ ነው፤ አሉሚኒየም ቤት ይሠራል። በሰፈራችን ጌም ቤት "ተሸናፊ ከፋይ" በሚባለው ሕግ ብዙ ጊዜ ሳይከፍል የሚወጣው እሱ ነው። ፕሌይስቴሽን ከመግዛት ይልቅ ኮምፒውተር ልሥራ ያለበት ምክንያት አለው። ማታ ማታ የቪዲዮ ኤዲቲንግ እየተማረ ነው፤ አንዱ ማሽን ለጨዋታም ለእንጀራም ይሁን ብሎ ነው። ለዚህም ከሁለት ዓመት በላይ እቁብ ጥሏል።

ዱባይ የምትሠራ ታላቅ እህት አለችው። በ2016 ዓ.ም. ለፋሲካ ስትመጣ "ምን ላምጣልህ?" ብትለው አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት። አርቲኤክስ 3080 የሚባል ግራፊክስ ካርድ። ይህ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲወጣ 699 ዶላር የተተመነለት፣ የዚያን ጊዜ ጌመር ሁሉ ምራቁን የዋጠለት ዕቃ ነው። እህት የቻለችውን አደረገች፤ ያገለገለ አግኝታ ገዛች። ያገለገለ ካርድ በዓለም ገበያ የበዛበት የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር፣ ካርዱን በመቶ በመቶ ደርድረው ሲያሠሩ የነበሩ ሰዎች እየጠረጉ ወደ ገበያ አወጡት። የሱም ካርድ ከዚያ መንጋ አንዱ ይሁን አይሁን ካርዱ ራሱ አይናገርም።

አሁን ቤካም መጣ። የተቀረው ቡድንስ? አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን ሲያስወግድ የተገዛ ዴስክቶፕ ነበር። ፕሮሰሰሩ እ.ኤ.አ. የ2013 ምርት ኮር አይ5 4570፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋ ብቻ፣ ማስቀመጫው የሚንኳኳ ሃርድ ዲስክ፣ ስክሪኑ 19 ኢንች፣ በሰከንድ 60 ጊዜ ብቻ ምስል የሚቀይር። ካርዱ ርዝመቱ ሳጥኑን አላስዘጋ ስላለ የጎን ክዳኑ ተነቅሎ ቀረ። አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ለካርዱ የሚሆን ገመድ ስላልነበረው ደግሞ አዲስ ተገዛ። ላዩ ላይ "750 ዋት" የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለው። ዋጋው ርካሽ ነው። በእጅ ሲያነሱት እንደ ባዶ ካርቶን ይቀላል። (ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።)

ኮምፒውተሩ ተነሳ። ኤፍሲ 24ም ተከፈተ። ተጫዋቾቹ መዝሙር ላይ ተሰልፈው ሲቆሙ የምስሉ ጥራት ጉድ ያሰኛል፤ ላባቸው ሁሉ ይቆጠራል። ጨዋታው ሲጀመር ግን ኳሷ ሳጥን ውስጥ በገባች ቁጥር ምስሉ ይደነቃቀፋል። ተከላካይ ከዚህ ተነስቶ እዚያ ይገኛል። ልጁ መጀመሪያ ካርዱን ጠረጠረ፤ ያገለገለ ነዋ። በኋላ ግን የሥራ መጠን የሚያሳየውን መስኮት ሲከፍት ፕሮሰሰሩ መቶ በመቶ እየሠራ፣ ካርዱ ግን 30 በመቶ እንኳ አልደረሰም። ዚዳን እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ኳስ የሚያቀብለው ሰው ይጠብቃል እንደማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ሳጥኑን በሙሉ "ሲፒዩ" ማለት ተለምዷል እንጂ እውነተኛው ሲፒዩ፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ ውስጥ ያለች መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። የ22ቱን ተጫዋች እንቅስቃሴ፣ የኳሷን አካሄድ፣ የዳኛውን ውሳኔ የምታሰላው እሷ ናት። ስሌቱን ጨርሳ "ይህንን ሳል" ብላ ለግራፊክስ ካርዱ ትሰጣለች፤ ካርዱ ይስላል። በሰከንድ 60 ምስል እንዲወጣ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ ከ17 ሺኛ ሰከንድ ያነሰ ነው። ፕሮሰሰሩ ለአንዱ 25 ሺኛ ሰከንድ ከፈጀ የሚወጣው 40 ምስል ነው። ካርዱ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን 41ኛውን አይጨምርም። ፕሮሰሰሩ አልፎ አልፎ ብቻ ሲዘገይ ደግሞ ይባስ፤ ያኔ ነው መደናቀፉ የሚመጣው።

ሐምሌ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ነበር። ስፔን በኒኮ ዊሊያምስ ቀደመች፣ ፓልመር ለእንግሊዝ አቻ አደረገ፣ ኦያርዛባል በ86ኛው ደቂቃ ነገሩን ጨረሰው፤ 2ለ1። የአክስቴ ልጅ የእንግሊዝ ደጋፊ ነው። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ተናዶ ቤቱ ገባና "እኔ አስተካክለዋለሁ" ብሎ እንግሊዝን ይዞ ከስፔን ጋር ጀመረ። በመሃል መብራት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ኮምፒውተሩ ከዲቫይደሩ አልተነቀለም ነበር። "ጧ!" የሚል ድምፅ፣ ከዚያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። እናቱ ከእንቅልፋቸው ተነስተው "ምንድነው የፈነዳው?" አሉ። ልጁ በጨለማ ቁጭ ብሎ መልስ አልነበረውም።

በማግስቱ ሳጥኑን ተሸክመን ወደ ሰፈራችን ኮምፒውተር ጠጋኝ ሄድን። ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ፣ ሬዲዮ በመጠገን ጀምረው እዚህ የደረሱ ሰው ናቸው። ፓወር ሰፕላዩን ፈተው አዩት፣ ከዚያ በአንድ ጣታቸው አንጠልጥለው ለኛ አሳዩን።

"ይኼ 750 ዋት ነው ያለህ ማነው?"

"ላዩ ላይ ተጽፏል ጋሼ።"

"ላዩ ላይ ያለውን ተወው። ይህችን አንብብ" አሉና ጎኑ ላይ ያለችውን ጥቃቅን ሠንጠረዥ አሳዩት። 12 ቮልት በሚለው አምድ ሥር 25 አምፒር ይላል። 12 በ25 ሲባዛ 300። ካርዱም ፕሮሰሰሩም ዋናውን ጉልበት የሚያገኙት ከዚህ መስመር ነው። ያ ካርድ ብቻውን እስከ 320 ዋት ይጠጣል፤ አምራቹ ኤንቪዲያ ራሱ ለዚህ ካርድ ቢያንስ የ750 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው የሚመክረው። የልጁ ስክሪን ትንሽ፣ ፕሮሰሰሩም ደካማ ሆኖ ካርዱን ሥራ ስላስፈታው ነው እንጂ ሳምንትም ባልቆየ ነበር።

ማዘርቦርዱ ሞቷል። ሃርድ ዲስኩም አይነሳም፤ የቪዲዮ ትምህርቱ ሥራዎች አብረው ሄደዋል። ቀሪው ካርዱ ነው። ጠጋኙ ሌላ ሰው ያመጣው ማሽን ላይ ሰኩት። ልጁ የሱቁ ደጃፍ ላይ ፊቱን አዙሮ ቆመ። የፍጹም ቅጣት ምት ላለማየት ፊታቸውን የሚያዞሩ አሰልጣኞችን አይታችሁ ታውቁ ይሆናል፤ ልክ እንደዚያ። ማራገቢያው ዞረ፣ ምስል መጣ።

"ተርፏል" አሉ።

ልጁ ወዲያው "በቃ ሌላ ማዘርቦርድ እገዛለታለሁ" ሲል ጠጋኙ ሳቁ። "ለዚህ ካርድ ኮምፒውተር ልትሠራለት ነው ወይስ ለራስህ?" አሉት። በኔ ግምት ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የወጣ ነው። ለካርዱ ከሆነ ጥሩ 750 ዋት ፓወር ሰፕላይ፣ የሚመጥነው ፕሮሰሰር፣ ሰፊ ሳጥን፣ ከዚያ ያንን ሁሉ ጉልበት የሚያሳይ ትልቅ ስክሪን ያስፈልጋል። ለራሱ ከሆነ ግን መነሻው ሌላ ነው። ምን ትጫወታለህ? በየትኛው ስክሪን?

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይስታል። የስክሪኑ ጥራት ሲጨምር ሸክሙ የሚበዛው ካርዱ ላይ ነው። 1080 በሚባለው ጥራት በአንድ ምስል ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉ፤ ፎርኬ በሚባለው ከ8 ሚሊዮን በላይ፣ ልክ አራት እጥፍ። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ያው ነው፤ ስክሪኑ ሰፋ ተብሎ 12ኛ ተጫዋች አይገባም። ስለዚህ ፎርኬ ላይ ተመጣጣኝ የነበረው ጥንድ፣ በትንሽ ስክሪን ካርዱ ሥራ የሚፈታበት ጥንድ ሊሆን ይችላል። "ለዚህ ፕሮሰሰር ይህ ካርድ ይስማማል" የሚል የሁልጊዜ ሠንጠረዥ የለም ማለት ነው። የ60 ስክሪን ይዞ 150 ምስል የሚያወጣ ካርድ መግዛትም ዋንጫ በሌለበት ውድድር ኮከብ ማስፈረም ነው። 144 ስክሪን ያለው ደግሞ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ ወደ 7 ሺኛ ሰከንድ ስለሚወርድ ፕሮሰሰሩን ነው አስቀድሞ ማየት ያለበት።

የጨዋታው አሳታሚ ለኤፍሲ 24 የመከረውን ብናይ ካርዱ ጂቲኤክስ 1660 ወይም አርኤክስ 5600 ኤክስቲ፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 6700 ወይም ራይዘን 7 2700 ኤክስ፣ ራሙ 12 ጊጋ፣ ባዶ ቦታው 100 ጊጋ ነው። ጂቲኤክስ 1660 እ.ኤ.አ. የ2019 መካከለኛ ካርድ ነው። ለኳስ የሚያስፈልገው እንግዲህ ያን ያህል ነበር! በፕሮሰሰር በኩል ግን ዝቅተኛው መስፈርት ኮር አይ5 6600ኬ ስለነበር የልጁ 4570 ከመጀመሪያውም የማጣሪያ ነጥብ አላሟላም።

ልጁ ሁለት ሳምንት አሰበ፤ በመሃል ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀ። ለዓመታት በእቁብ የተጠራቀመው ብር በቀናት ውስጥ የሚገዛው ዕቃ አነሰ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስትጠይቅ "የዛሬውን ነው ወይስ የነገውን?" የሚል ሻጭ አጋጥሞናል። ዋጋው ያልወደቀበት አንድ ንብረት ነበረው፤ ያ ካርድ። በዶላር የተገዛ ነውና ከብሩ ጋር አልወደቀም።

የከበደው መሸጡ አልነበረም፣ ለእህቱ መንገሩ ነው። ሴትየዋ የሰው ቤት ሠርታ ያመጣችው ስጦታ ነው። አራት ቀን ስልኳን ሲያነሳ ስለ ሌላ ስለ ሌላ ያወራል። በመጨረሻ እናቱ ፊት ነገራት። እሷም ትንሽ ዝም ብላ "አንተ ልጅ፣ እኔ የገዛሁት እንድትጫወትበት ነው እንጂ እንድትስመው ነው?" አለችው። "ሽጠዋ! የጎደለውን ዝርዝር ላክልኝ፣ ቀሪውን ከዚህ አያለሁ።"

ካርዱ ፎርኬ ስክሪን ላለው አንድ አርክቴክት ተሸጠ። ደግ ቦታ ሄዷል።

አሁን ቡድኑ እንዴት እንደተዋቀረ ልንገራችሁ። ካርዱ አርኤክስ 6600 ሆነ። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ ፍጆታው 132 ዋት ነው፣ ከበፊቱ ካርድ ግማሽ በታች። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600፤ ስድስት ኮር፣ 65 ዋት፣ ማራገቢያው ከካርቶኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል። ከኢንቴል ወገን ኮር አይ5 12400ኤፍ ቢሆንም አያሳፍርም ነበር፤ የተወሰነው በዋጋ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ። ከኢንቴል ዕቃዎች ስማቸው መጨረሻ "ኤፍ" ያለባቸው፣ እንዲሁም ይኸው 5600፣ በራሳቸው ምስል ማውጣት አይችሉም። ካርድ ከሌለ ጥቁር ስክሪን ነው። ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ የማይደርስለት ሰው ራይዘን 5 5600ጂን ቢያስብ ክፉ አይደለም። ምስል ማውጫው ውስጡ ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየተጫወተ ካርዱን በዓመቱ ያስፈርማል። ካርዱ ሲመጣ ከ5600 ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ግን ዓመቱን ሙሉ ባዶ ሳጥን ከማየት ይሻላል ባይ ነኝ።

ማዘርቦርዱ ቢ550 ነው። ማዘርቦርድ ጎል አያገባም፤ ስለዚህ መብራት ለሚያብረቀርቅበት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም። ሆኖም ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የተመረተ ቦርድ ፕሮሰሰሩን ላያውቀው ይችላል። "ባዮሱ ታድሷል ወይ?" ብሎ ሻጩን መጠየቅ ነው። ራሙ 16 ጊጋ፣ ግን አንድ ባለ 16 ሳይሆን ሁለት ባለ 8። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መንገድ በአንዴ ይመላለሳል፣ ይህ ደግሞ ጨዋታ ላይ በዓይን የሚታይ ልዩነት ያመጣል። አራት መሰኪያ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚገቡት። ባለ 3200 ፍጥነት ራም ገዝተው ባዮስ ውስጥ ያለችውን ኤክስኤምፒ የምትባል ማብሪያ ሳይነኩ በ2133 ወይም በ2400 ለዓመታት የሚጫወቱ ሰዎች ሞልተዋል። የገዙትን ተጫዋች ተጠባባቂ ወንበር ላይ አስቀምጠው ማለት ነው።

ማስቀመጫው 1 ቴራ ኤስኤስዲ ነው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ቀጥታ የሚሰካው ዓይነት። በዚህ አልከራከርም። ሃርድ ዲስክ ለፊልም ማከማቻ ይሁን።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ግን ልቆይ፤ ልጁን ያስለቀሰው እሱ ነውና። ካርዱ 132፣ ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 76፣ ቀሪው ሁሉ ተደምሮ 50 ገደማ። 260 ዋት አካባቢ ነው። ጥሩ 550 ዋት ከበቂ በላይ ነው። "ጥሩ" የምትለዋ ቃል ናት ዋናዋ። 80 ፕላስ የሚለው ምልክት የሚናገረው ዕቃው ከግድግዳ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ምን ያህሉን ሳያባክን እንደሚያደርስ ነው፤ አይፈነዳም የሚል ዋስትና አይደለም። ቢሆንም የታወቀ አምራች፣ እውነተኛ የ80 ፕላስ ምልክት፣ የ12 ቮልቱ ሒሳብ ከላይ ከተጻፈው ዋት ጋር የሚቀራረብ፣ ለብዙ ዓመት ዋስትና የተሰጠበት ከሆነ፣ ማኬሌሌን አገኘህ ማለት ነው። ክብደቱም ይናገራል። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ ለሚያመጣለት ሰው ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው፤ በ115 ላይ እንዳለ እኛ ቤት 220 ላይ ከተሰካ የሐምሌ 7ቱ ሌሊት ይደገማል። ከዱባይ የመጣው የኛው ዕቃ ይህ ችግር አልነበረበትም። የሶኬቱ ራስ ብቻ እንደ እንግሊዝ ባለ ሦስት ጥርስ ስለነበር ገመዱ ተቀየረ።

ስለ መብራቱ ጠጋኙ የሰጡት ትእዛዝ አጭር ነው። መብራት ሲሄድ ከሶኬቱ ንቀል፣ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ይኑርህ። ዩፒኤስ ሲገዛ 650 ቪኤ የሚለው 650 ዋት ማለት አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ጨዋታ ለመጨረስ ሳይሆን ሥራህን ሴቭ አድርገህ በሰላም ለመዝጋት ነው የሚበቃው።

ሳጥኑ አየር የሚያስገባ ፊት ይኑረው። በቃ።

በጀቱን በመቶኛ ላድርገው ለሚል፣ ከስክሪኑ ውጪ ከ100 ብር ውስጥ ለካርዱ 38 ገደማ፣ ለፕሮሰሰሩ 17፣ ለማዘርቦርዱ 13፣ ለፓወር ሰፕላዩ 10፣ ቀሪው ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለሳጥኑ፤ የኛ አከፋፈል ከዚህ ብዙም አልራቀም። ይህ ግን ራም ርካሽ በነበረበት ጊዜ የተሠራ ሒሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠሩት ግዙፍ የመረጃ ማዕከላት ሜሞሪውን እየጠቀለሉት ዋጋው በዓለም ገበያ ሽቅብ ወጥቷል። ዛሬ የሚጀምር ሰው የራሙን ድርሻ ከፍ ማድረጉ አይቀርለትም። አዲሱ የኤኤምዲ መድረክ ኤኤም5 ዲዲአር5 ራም ብቻ ስለሚቀበል፣ ዲዲአር4 የሚቀበለው የድሮው ኤኤም4 ለበጀተኛ አሁንም የሚናቅ አይደለም። ለኳስ ብሎ በጣም አሮጌ ማሽን ለመግዛት የሚያስብም አንድ ነገር ይወቅ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የሚባሉ የደህንነት ነገሮች ኮምፒውተሩ ላይ ካልበሩ አያጫውትም። የኛው ማሽን ሁለቱም አሉት፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ብቻ ነው።

ዕቃው በሦስት መንገደኛ ተከፋፍሎ ገባና ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ እሁድ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ተገጣጠመ። ገጣጣሚው ልጁ ራሱ ነው። ጠጋኙ ቡናቸውን ይዘው ከወንበራቸው ሳይነሱ ይመሩታል፤ አሰልጣኝ ማለት እንዲህ ነው። እህቱ በቪዲዮ ስልክ ከዱባይ ትከታተላለች። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሁሉም ተሰካ፣ ማብሪያው ተጫነ። ማራገቢያው ዞረ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው።

ማንም አልተነፈሰም። ልጁ ራሙን ነቅሎ ሰካ። ጥቁር። ካርዱን ነቅሎ ሰካ። ጥቁር። እናቱ "አይ አምላኬ" አሉ። እህቱ በስልክ "ምን ሆነ? ምን ሆነ?" ትላለች። ጠጋኙ ቡናቸውን አስቀመጡና ቀስ ብለው ወደ ሳጥኑ ጀርባ ዞሩ። "የስክሪኑን ገመድ የት ነው የሰካኸው?" አሉት።

ማዘርቦርዱ ላይ ነበር የሰካው። ቀደም ብዬ እንዳልኩት ያ ፕሮሰሰር በራሱ ምስል አያወጣም። ገመዱ ወርዶ ካርዱ ላይ ሲሰካ ስክሪኑ በራ፤ የሳሎኑን ጩኸት የሰማ ጎረቤት ኢትዮጵያ ጎል ያገባች መስሎት በመስኮት አንገቱን አውጥቷል።

ስክሪኑ ያገለገለ 24 ኢንች፣ 1080፣ በሰከንድ 75 ጊዜ የሚቀይር ነው። ኤፍሲ 24 ከ75 አይወርድም። ፕሮሰሰሩም ካርዱም ይሠራሉ፣ ማንም እጁን ወገቡ ላይ አላደረገም። በጠፉት የቪዲዮ ሥራዎች ምትክ አዲስ ጀምሯል፤ ባለፈው የአንድ ዘመዳችንን ሠርግ ኤዲት አድርጎ የመጀመሪያ ክፍያውን ተቀብሏል። በክፍያውም ዩፒኤስ ገዛበት።

በዚያው እሁድ ማታ የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ። ያው እንግሊዝን ያዘ፣ ስፔንን ደግሞ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ያዘ። በጌም ቤት ዘመኔ እሱን አሸንፌው አላውቅም። በ86ኛው ደቂቃ 2ለ1 መራሁ፤ እንዲያውም በኦያርዛባል። ልጁ ጆይስቲኩን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ሳጥኑን አየ። ከዚህ በፊት ጎል ሲቆጠርበት "ተደናቀፈብኝ" ይል ነበር። አሁን ምን እንደሚል ጠበቅን። ምንም አላለም፤ ተነስቶ ለሁላችንም ለስላሳ ሊገዛ ወጣ። ተሸናፊ ከፋይ ነው።